አንገት ስለ ነፍስ ማደሪያ ምን ይመሰክራል?

የሰው ነፍስ፣ በተለይም የምታስብበትና የምታዝዝበት ኃይሏ፣ በአካል ውስጥ መንበሯን የት አድርጋለች የሚለው ጥያቄ የግሪክንና የሮምን ሊቃውንት ከአምስት መቶ ዓመታት በላይ ሲያከራክር የኖረ ሲሆን፣ አንዱ ወገን ልብን፣ ሌላው ወገን ደግሞ አንጎልን መንበረ ነፍስ አድርጎ ይቆጥር ነበር። ክርክሩ ስለ ልብና ስለ አንጎል ይሁን እንጂ ማስረጃው በብዛት የተፈለገው ከሁለቱ በአንዱም ሳይሆን በመካከላቸው ባለው አጭር መተላለፊያ፣ በአንገት ውስጥ ነው። ራስ ደረትን የሚያዝ ቢሆን ትእዛዙ በአንገት ማለፍ አለበት፤ ደረትም ራስን የሚያዝ ቢሆን እንዲሁ፤ ስለዚህ አንገትን የመረመረ ሰው የትእዛዙን አቅጣጫ ያገኛል ተብሎ ታሰበ። ይህ ተስፋ እስከ ምን ድረስ እንደ ተፈጸመና ከየት ጀምሮ ከልኩ እንዳለፈ መመርመር ይገባል።

ፕላቶ «ቲማዮስ» በተሰኘው ድርሳኑ ለአንገት መኖር የሥነ ምግባር ምክንያት ይሰጣል። በእርሱ ትረካ ሰውን የሠሩት አማልክት የማትሞተውን ነፍስ በራስ ውስጥ ካኖሩ በኋላ፣ ቁጣና ፍርሃት፣ ተድላና ሕመም የሚፈራረቁባትን ሟች ነፍስ በደረት ውስጥ አኖሩ፤ የታችኛይቱም የላይኛይቱን እንዳታረክስ፣ ባሕር ከሁለት ወገን የሚያዋስነው ቀጭን የብስ ሁለት አገሮችን እንደሚለይ ሁሉ፣ አንገትን በመካከላቸው ድንበር አድርገው ዘረጉት። ፕላቶ ስለ አካል አሠራር የነበረው ዕውቀት ጥቂት ነው፤ ሆኖም የአንገትን ጠባብነት ዝም ብሎ ያላለፈውና ጠባብ የሆነበት ምክንያት ምንድን ነው ብሎ የጠየቀው እርሱ ነውና ጥያቄው ከመልሱ ይበልጣል።

በእርግጥም የአንገት ጠባብነት የሚያስደንቀው በውስጡ የሚያልፈው ነገር ብዛት ሲታወቅ ነው። ከኋላ በኩል ማጅራትን ደግፈው የሚይዙት 7 የአከርካሪ አጥንቶች ናቸው። የመጀመሪያው፣ ራስን የተሸከመው፣ ሰማይን በትከሻው ይሸከም ነበር ተብሎ በሚነገርለት የግሪክ ተረት ጀግና ስም አትላስ ይባላል፤ ሁለተኛው አክሲስ የተባለው ደግሞ ወደ ላይ የወጣ ጥርስ የሚመስል ጉጥ ስላለው አትላስ ራስን ይዞ በዚያ ጉጥ ዙሪያ ይዞራል፤ ሰው ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያዞር ከእንቅስቃሴው ወደ ግማሽ የሚጠጋው የሚፈጸመው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። በአጥንቶቹ ውስጥ ባለው ቦይ ሕብለ ሰረሰር፣ ማለትም ከአንጎል የሚወርደው የነርቭ ገመድ፣ ያልፋል። ከአጥንቶቹ ፊት ለፊት የምግብ ቧንቧ፣ ከእርሱም ፊት የአየር ቧንቧ አለ፤ በአየር ቧንቧው አናት ላይ የድምፅ አውታሮችን የያዘው ማንቁርት ይቀመጣል፤ ከማንቁርትም በላይ ሃዮይድ የሚባል፣ ከየትኛውም አጥንት ጋር የማይጋጠም፣ በጡንቻና በጅማት ብቻ የተንጠለጠለ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ትንሽ አጥንት ይገኛል። የአየር ቧንቧውን ከፊት አቅፎ የያዘው የታይሮይድ ዕጢ ነው፤ ይህ ዕጢ ሲያብጥ እንቅርት የሚባለውን በሽታ አዮዲን በጎደለው አፈርና ውኃ የሚኖረው የኢትዮጵያ ደገኛ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ በተረትና ምሳሌውም በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እያለ የመከራን መደራረብ ይገልጽበታል። በግራና በቀኝ ደግሞ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሰው ደም ቅዳ፣ ደሙን ወደ ልብ የሚመልሰው ደም መልስና ቬገስ የተባለው ረጅም ነርቭ ሦስቱም በአንድ ሽፋን ተጠቅልለው ይወርዳሉ። የሦስቱ በአንድነት መታሰር ለጥንቱ ክርክር ብዙ ግራ መጋባት እንዳመጣ ወደ ፊት ይታያል።

አሪስቶትል መንበረ ነፍስ ልብ ነው ከሚሉት ወገን ነበር፤ ስለ አንገት የጻፈው ግን ከዚህ አቋሙ ተነጥሎ ሊነበብ የሚገባው ነው። «ስለ እንስሳት ክፍሎች» በተባለው መጽሐፉ አንገት የሚኖረው ለራሱ ሲል ሳይሆን ለአየር ቧንቧውና ለምግብ ቧንቧው ሲል መሆኑን፣ ሳንባ የሌለው ዓሣም አንገት የሌለው በዚህ ምክንያት መሆኑን ይናገራል። ቀጥሎም አንድ የማያስደስት ነገር ያስተውላል፤ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው ፊት ስለሚገኝ የሚዋጠው ምግብ ሁሉ በትንፋሽ በር ላይ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ለዚህ አቀማመጥ የሚሰጠው ምክንያት ልብና ሳንባ በፊተኛው ወገን መገኘታቸው ነው፤ ይህ ግድ ስለሆነ ተፈጥሮ በማንቁርቱ ላይ በመዋጥ ጊዜ የሚዘጋ ክዳን፣ ኤፒግሎቲስ የሚባለውን፣ መድኃኒት አድርጋ ሠራች ይላል። አሪስቶትል እዚህ ላይ ዓላማንና ግዴታን ጎን ለጎን ያቆማል፤ ተፈጥሮ በጎውን ትሻለች፣ የምትሠራው ግን በእጇ ካለው ነገርና ከተገኘው አቀማመጥ ጋር እየተስማማች ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙዎች፣ አማኞችም ተቃዋሚዎቻቸውም፣ የዚህን ሐሳብ ግማሽ ብቻ ይዘው ሄደዋል።

ልብን የመረጡት ሌሎቹ፣ በሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ በአቴና ከጳውሎስ ጋር ሲነጋገሩ የሚታዩት ኢስጦኢኮች የተባሉት ፈላስፎች ናቸው። የወገኑ መሥራች የኪቲዮኑ ዜኖን ያቀረበው ማስረጃ በአጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው፤ ድምፅ የሚወጣው በአየር ቧንቧ ነው፤ ድምፅ ከአንጎል የሚመነጭ ቢሆን ኖሮ ከታች በሚመጣው ቧንቧ ባልወጣ ነበር፤ ንግግርም ድምፅ ከሚወጣበት ቦታ ይወጣል፤ ንግግር ደግሞ ከአእምሮ ነው፤ እንግዲህ አእምሮ በራስ ውስጥ አይደለም። ተከታዩ ክሪሲጶስ በበኩሉ ሰው «እኔ» ለማለት በግሪክኛ ሲናገር አገጩ ወደ ደረቱ ዝቅ ማለቱን ሳይቀር በማስረጃነት ጠርቶ ነበር። ይህ የኋለኛው ማስረጃ ዛሬ ፈገግ የሚያሰኝ ቢሆንም የዜኖን ክርክር ግን በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ መነሻው በዓይን የሚታይ የአካል አሠራር ነው፣ ስሕተቱም የሚገኘው በአንዲት ቅድመ ሐሳብ ላይ ብቻ ነው፤ ይኸውም አንድ ነገር የሚያልፍበት መንገድ የሚታዘዝበትን ቦታ ያሳያል የሚለው ነው።

ይህችን ቅድመ ሐሳብ በፈተና ያፈረሰው እ.ኤ.አ. በ129 በጴርጋሞን የተወለደውና የሰይፍ ታጋዮች ሐኪም ሆኖ የአካልን አሠራር በቁስል ውስጥ የተማረው ጋሌን ነው። ጋሌን በ162 ወደ ሮም ከመጣ በኋላ ፍላቪዮስ ቦኤቶስ በተባለ ትልቅ ሹም ግብዣ፣ ሊቃውንትና ባለ ሥልጣናት በተሰበሰቡበት፣ ድምፅ ከየት እንደሚታዘዝ በሕይወት ባለ እንስሳ ላይ ሊያሳይ ተነሣ። የመረጠው ጩኸቱ የሚያይለውን አሳማ ነበር፤ ፍየልም ይጠቀም ነበር። ገና ሥራው ሳይጀመር ግን የአሪስቶትል ተከታይ የነበረው የደማስቆው እስክንድር ተነሥቶ፣ በቅድሚያ በስሜት ሕዋሳት የሚታየውን ማመን ይገባል ወይ ብለን እንስማማ ሲል ጠየቀ፤ ጋሌንም የመጣው ሁሉን ከሚጠራጠሩ ባላገሮች ጋር ሊሟገት እንዳልሆነ ተናግሮ ጉባኤውን ትቶ ሄደ። በኋላ በሌላ ቀን ትዕይንቱ ተፈጽሟል። የእስክንድር ጥያቄ ብዙ ጊዜ እንደ ቧልት እየተተረከ የሚገባውን ያህል ክብር አልተሰጠውም፤ አንድ የታየ ነገር ምን ያህል ድምዳሜ መሸከም ይችላል የሚለው ጥያቄ በጋሌን ቁጣ አልተመለሰምና።

ጋሌን ያደረገው ይህ ነው። ከቬገስ ነርቭ ተገንጥለው ወደ ማንቁርት ጡንቻዎች የሚሄዱትን ቀጫጭን ነርቮች በግራና በቀኝ ፈልጎ በክር አሰራቸው፤ ሲጮኽ የነበረው እንስሳ ትንፋሹ ሳይቋረጥ፣ መታገሉንም ሳይተው ድምፁ ብቻ ጠፋ፤ ክሩ ሲፈታ ድምፁ ተመለሰ። ይህ ብቻ ቢሆን ተቃዋሚ መልስ አያጣም ነበር፤ ጋሌን ግን ደረትን ከፍቶ ልብን ራሱን በመቆንጠጫ ይዞ ሲጨምቅ እንስሳው መጮኹን እንደማያቋርጥ አሳየ። የአንገትን ደም ቅዳ ማሰር ሰውን ያደነዝዛል፣ ድምፁንም ያጠፋል የሚለውን የቆየ እምነትም፣ የደም ሥሩ የግሪክኛ ስም ሳይቀር ከመደንዘዝ የመጣበትን፣ መረመረና ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ አገኘ፤ ሐኪሞቹ ደም ቅዳውን ሲያስሩ በአንድ ሽፋን አብሮት የሚወርደውን ነርቭም ሳያውቁ አብረው ያስሩት ነበር፤ ነርቭን ለይቶ ትቶ ደም ቅዳውን ብቻ ያሰረ ግን እንስሳው ሲጮኽ ይሰማል። በሰውም ላይ ምስክር ነበረው፤ በአንገታቸው ላይ የወጣ እብጠት ሲወጣላቸው እነዚህ ነርቮች የተጎዱባቸውን ሁለት ልጆች፣ አንዱ ድምፁን ፈጽሞ ሌላው በግማሽ እንዳጣ፣ ጽፏል። ዛሬም እንቅርት የሚያወጣ ቀዶ ሐኪም ከሁሉ አብልጦ የሚጠነቀቀው ለዚህ ነርቭ ነው።

የጋሌን ፈተና ኃይሉ የሚገኘው ጥያቄውን ክር ሊታሰርበት በሚችል ነገር ላይ በማዋሉ ነው። ዜኖን የተመለከተው ትንፋሹ የሚወጣበትን መንገድ ሲሆን ጋሌን የተመለከተው ትንፋሹን ወደ ድምፅ የሚለውጠውን ጡንቻ ማን እንደሚያዝዘው ነው፤ ትእዛዙም ከላይ፣ ከአንጎል እንደሚወርድ አረጋገጠ። በሕብለ ሰረሰር ላይም እንዲሁ በየደረጃው እየቆረጠ መርምሯል፤ በሦስተኛውና በአራተኛው የአንገት አጥንት መካከል ሲቆረጥ እንስሳው ወዲያው መተንፈስ እንደሚያቆም፣ ከስድስተኛው በታች ሲቆረጥ ግን ደረትንና ሆድን የሚለየው ድያፍራም የተባለ ጡንቻ ሥራውን እንደሚቀጥል አስተውሏል። የዛሬው ዕውቀት ምክንያቱን ይነግራል፤ ድያፍራምን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ የሚወጣው ከአንገት ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው የነርቭ ሥር ነው። ይህ ሁሉ የተገኘው በብዙ እንስሳት ሥቃይ መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ ጋሌን በጽሑፎቹ ለዚህ ሥቃይ ብዙ ሐዘን ሲያሳይ አይታይም።

ከዚህ በኋላ ጋሌን ከሐኪምነት ወደ ሃይማኖት ሰባኪነት ይሻገራል። ድምፅን የሚያዝዙት ነርቮች በቀጥታ ከራስ ወደ ማንቁርት አይሄዱም፤ በአንገት በኩል ወደ ደረት ይወርዱና፣ የግራው ከልብ የሚወጣውን ዋናውን ደም ቅዳ አዎርታን፣ የቀኙ ወደ ክንድ የሚሄደውን ደም ቅዳ ከሥሩ ዞረው እንደ ገና ወደ ላይ ይመለሳሉ፤ ተመላሽ ነርቮች የሚባሉትም ለዚህ ነው። ጋሌን ይህን በ17 ክፍሎች በጻፈው «ስለ ሰውነት ክፍሎች ጥቅም» በተባለው መጽሐፉ ሲያስረዳ፣ የማንቁርት ጡንቻዎች ከታች ወደ ላይ መሳብ ስላለባቸው ነርቫቸውም ከታች መምጣት ነበረበት፤ ተፈጥሮም ገመድ በመዘውር ላይ ተጠምዝዞ እንደሚመለስ ነርቮቹን በደም ሥሮቹ ላይ አዙራ መለሰቻቸው ይላል። አንባቢውንም በኤሌውሲስና በሳሞትራቄ ወደሚፈጸሙ ምሥጢራት ከሚገባ ሰው ይልቅ በትኩረት እንዲከታተለው ያዝዘዋል። በእርሱ ዘንድ ይህ ጠመዝማዛ መንገድ የፈጣሪን ጥበብ የሚያውጅ ነበር።

ያው ነርቭ፣ ያው መዞር፣ በዘመናችን ለተቃራኒው ወገን ምስክር ሆኖ ቆሟል። እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሪቻርድ ዶኪንስ በ2009 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከማንቁርቱ ጥቂት ርቀት ላይ ከነበረበት ተነሥቶ የቀጭኔን ረጅም አንገት ሁሉ ወርዶ፣ በደረት ዞሮ፣ ያንኑ ርቀት ተመልሶ የሚወጣ ነርቭ ብልህ መሐንዲስ የሚያደርገው ሥራ አይደለም ሲል ይሟገታል። ቀጭኔ የአንገቷ አጥንቶች እንደ ሰው 7 ብቻ መሆናቸውም ከዚሁ ጋር ይነሣል፤ አንገቷ የረዘመው አጥንት ተጨምሮ ሳይሆን ያሉት ረዝመው ነው። የመዞሩን ምክንያት የሚያስረዳው በጽንስ ላይ የሚደረገው ጥናት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጽንሱ ልብ ከራሱ ሥር ይገኛል፤ በአንገቱ ግራና ቀኝም በዓሣ ላይ ስንጥብ ከሚያበቅሉት ጋር የሚመሳሰሉ ቅስቶች፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የደም ሥርና ነርቭ ይዘው ይወጣሉ። የማንቁርት ነርቭ በዚያን ጊዜ ከስድስተኛው ቅስት የደም ሥር በታች በቀጥታ ያልፋል፤ በኋላ ልብ ወደ ደረት ሲወርድና አንገት ሲረዝም የደም ሥሩ ነርቩን ይዞት ይወርዳል። በቀኝ በኩል የታችኞቹ ቅስቶች የደም ሥሮች ስለሚጠፉ ነርቩ እስከ አራተኛው ቅስት፣ ወደ ክንድ ወደሚሄደው ደም ቅዳ፣ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ በግራ ግን ስድስተኛው ስለሚቆይ ከአዎርታ ሥር ይያዛል። ለዚህ ማብራሪያ ትክክለኛነት ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ከሥርዓቱ የወጣው ነው፤ ከመቶ ሰዎች ከአንድ በማይበልጡት ላይ የቀኙ ደም ቅዳ በጽንስነት ባልተለመደ መንገድ ያድጋል፤ በእነዚህም ሰዎች ላይ የሚይዘው ነገር ስለሌለ የቀኙ ነርቭ ሳይዞር በቀጥታ ወደ ማንቁርት ይገባል፤ ድምፃቸውም እንደ ማንኛውም ሰው ድምፅ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የጋሌንን የመዘውር ምክንያት ያፈርሰዋል፤ ነርቩ ከታች መምጣቱ ለድምፅ አስፈላጊ አልነበረምና። አካል በፈጣሪ የታሰበበት ንድፍ ነው የሚሉት ወገኖች ተመላሹ ነርቭ በመንገዱ ላይ ለምግብ ቧንቧና ለአየር ቧንቧ ቅርንጫፍ ይሰጣል ብለው ሲከራከሩ እውነት ይናገራሉ፤ ይሁን እንጂ ለማንቁርት የተመደቡት ክሮች ለምን አብረው መውረድ እንዳስፈለጋቸው ቅርንጫፎቹ አያስረዱም። የጋሌን ውዳሴ ወደቀ ማለት ግን የዶኪንስ ድምዳሜ ቆመ ማለት አይደለም። ሁለቱም የተመሠረቱት በአንድ ያልተመረመረ ሐሳብ ላይ ነው፤ ፈጣሪ ካለ ሥራውን የሚሠራው ከውጭ ሆኖ ዕቃን እንደሚገጣጥም ባለሙያ ነው፣ የእንዲህ ያለውም ባለሙያ ዓላማ ምን እንደሆነ ተመልካቹ አስቀድሞ ያውቃል የሚል ነው። አንዱ አጭሩን መንገድ ባለማየቱ አመሰገነ፤ ሌላው አጭሩን መንገድ በማየቱ ነቀፈ።

በዚህ ነገር ላይ ጋሌን ከአድናቂዎቹ ይልቅ ጠንቃቃ እንደ ነበር የሚያሳይ ክፍል በዚያው መጽሐፉ በ11ኛው ክፍል ይገኛል። ስለ ሽፋሽፍት ሲጽፍ ሳይታሰብ ሙሴን ያነሣና፣ እንደ ሙሴ ትምህርት እግዚአብሔር የፈቀደውን ሁሉ፣ ከአመድ ፈረስን ወይም በሬን እንኳ፣ በፈቃዱ ብቻ ማድረግ ይችላል፤ እኛ ግን በባሕርዩ የማይቻል ነገር እንዳለ፣ ፈጣሪም ከሚቻለው መካከል የተሻለውን እንደሚመርጥ እናምናለን ሲል ልዩነቱን ያስቀምጣል። እንግዲህ ተመላሹ ነርቭ የጋሌንን አምላክ አያሳፍርም፤ ከተገኘው ጋር ተስማምቶ የሚሠራ ነውና። ጥያቄው የሚከብደው በሙሴ አምላክ በሚያምኑት፣ በአይሁድ፣ በክርስቲያኖችና በሙስሊሞች ላይ ነው። እነዚህም ቢሆኑ መልስ አያጡም፤ ዳዊት በመዝሙሩ እግዚአብሔር በእናቱ ማኅፀን እንደ ሠራው ሲዘምር የማኅፀንን ሥራና የወራቱን ቆይታ አልካደም፤ ፍጥረት በጊዜ ውስጥ፣ ደረጃ በደረጃ፣ የቀደመውን እየተሸከመ የሚሠራ መሆኑን የተቀበለ ሰው በአንገት ውስጥ የቀደመ ዘመን ምልክት ማግኘቱ ሊያስደነግጠው አይገባም። ዳሩ ግን ይህን መልስ የሚሰጥ ሰው አንድ ነገር መክፈል አለበት፤ የአካል ክፍሎችን እየጠቀሰ ይህ በዚህ ምክንያት እንዲህ ተሠራ እያለ መግቦተ እግዚአብሔርን የማስረዳት ልማዱን መተው ይኖርበታል። ብዙ ሰባኪዎች መልሱን ወስደው ዋጋውን ሳይከፍሉ ያልፋሉ።

ለልብ ወገን የሚሆን አንድ ትንሽ ነገር እዚህ ላይ ማንሣት አይከፋም። የግራው ተመላሽ ነርቭ ከአዎርታ ሥር ስለሚያልፍ፣ በልብ በሽታ ምክንያት የልብ የግራ ላይኛ ክፍል ሲሰፋ ነርቩ ሊጫን ይችላል፤ በሽተኛውም ሐኪም ዘንድ የሚመጣው ድምፁ ሻክሮ ሊሆን ይችላል። ይህን የቪየናው ሐኪም ኖርበርት ኦርትነር በ1897 ገልጾታል፤ ዛሬም ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ በርን የሚያበላሸው በሽታ በበዛባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ሐኪሞች የሚያስታውሱት ምልክት ነው። ዜኖን ይህን ቢሰማ ደስ ባለው ነበር፤ ክርክሩን ግን አያድንለትም፤ ልብ እዚህ ላይ ድምፅን የሚያውከው አዛዥ ሆኖ ሳይሆን በመንገድ ላይ ተገኝቶ ነው።

የድምፅ አዛዥ አንጎል ነው ከተባለ፣ ቃል ራሱስ? የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ምሥጢረ ሥላሴን ሲያስተምሩ አብን በልብ፣ ወልድን በቃል፣ መንፈስ ቅዱስን በእስትንፋስ ይመስላሉ፤ የሰውንም ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት፣ ማለትም የምታስብ፣ የምትናገርና ሕያው የሆነች ይሏታል። በዚህ ትምህርት ቃል ከልብ ይወለዳል እንጂ ከጉሮሮ አይጀምርም፤ ጉሮሮ የሚሰጠው ድምፅን ነው። ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራለት የባስልዮስ ወንድም ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በ4ኛው መቶ ዘመን ስለ ሰው አፈጣጠር በጻፈው መጽሐፍ ይህን ነገር በጥልቀት ተመልክቶታል። የሐኪሞችን ጽሑፍ ያውቅ ስለ ነበር የአንጎል ሽፋን ሲጎዳ ማስተዋል እንደሚታወክ አልካደም፤ ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ አእምሮን በአንጎልም ሆነ በልብ ውስጥ ማሰር ስሕተት ነው ብሏል፤ መሣሪያው የተሰበረበት ዜመኛ ችሎታው ባይጠፋም ዜማው እንደሚበላሽ፣ አእምሮም ከአካል ሁሉ ጋር በማይነገር መንገድ ተዋሕዶ በየክፍሉ እንደ ክፍሉ ጤንነት ይሠራል። በዚያው መጽሐፍ ያለው ሌላው ሐሳቡ ደግሞ ለአካል ጥናት ይበልጥ የቀረበ ነው፤ ሰው እጅ ባይኖረው ኖሮ አፉ ሣር ለመንጨትና ምግብ ለመያዝ ይቀረጽ ነበር፣ ለንግግር የሚበቃም አይሆንም ነበር ይላል።

ቃልን ከአንገት አጥንት ለማወቅ የተደረገው ሙከራም ውጤቱ ልከኛ ነው። በአፋር ዲኪካ በተባለ ስፍራ ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ባልደረቦቹ በ2000 ያገኟትና በ2006 ለዓለም ያስተዋወቋት፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ሕፃን ሰላም፣ እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ የሚገኘውን የሃዮይድ አጥንት ይዛ ተገኝታለች፤ ቅርጹም የጎሪላንና የቺምፓንዚን ይመስላል። በእስራኤል ካርሜል ተራራ ከባራ ዋሻ በ1983 የተገኘው፣ 60 ሺህ ዓመት ገደማ ያለው የኒያንደርታል ሰው ሃዮይድ ግን የዛሬውን ሰው እጅግ ይመስላል። ከሁለቱ አጥንቶች የሚታወቀው የድምፅ መሣሪያው መለወጡ ነው፤ በመሣሪያው ነፍስ ምን እንደ ተናገረች አይታወቅም።

መስማት የተሳናቸው ሰዎች በምልክት ቋንቋ ሙሉ ንግግር መናገራቸው ዜኖንም ጋሌንም በአንድነት የያዙትን ሐሳብ፣ ንግግር ማለት ድምፅ ነው የሚለውን፣ ያፈርሰዋል፤ ማንቁርቱ ዝም ብሎ ቃል ይወጣልና። የሚያስገርመው ግን አንገት በዚህም ቦታውን አለመልቀቁ ነው፤ ክንድንና ጣቶችን የሚያዝዙት ነርቮች የሚወጡት ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው የአንገት የነርቭ ሥርና ከመጀመሪያው የደረት ሥር ነው። በአንገቱ ላይ ከፍ ባለ ስፍራ ሕብለ ሰረሰሩ የተቆረጠ ሰው እጁም ትንፋሹም አይታዘዝለትም፤ በመተንፈሻ መሣሪያ እየታገዘ ሲኖር ግን ያስባል፣ ያስታውሳል፣ ይቆጣል፣ ይጸልያል። ፕላቶ ቁጣን ከድንበሩ በታች በደረት ውስጥ ማኖሩ በዚህ ሰው ላይ አልጸናም።

ከዚህም የሚያልፍ ሁኔታ አለ። በአንጎል ግንድ ላይ በሚደርስ ጉዳት ምክንያት ሰው ሙሉ በሙሉ እያስተዋለ ከዓይኑ በቀር ምንም ማንቀሳቀስ የማይችልበት ጊዜ ይኖራል፤ ፈረንሳዊው ጋዜጠኛ ዣን ዶሚኒክ ቦቢ በ1995 ይህ ደርሶበት በግራ ዓይኑ ቆብ ጥቅሻ ፊደል በፊደል ያጻፈው መጽሐፍ በ1997 ታትሟል። ዓይንንና የዓይን ቆብን የሚያዝዙ ነርቮች ከራስ ቅል ውስጥ ወጥተው ወደ ፊት የሚሄዱ ስለሆኑ የዚህ ሰው ቃል በማንቁርት አልወጣም፣ በሕብለ ሰረሰር አልወረደም፣ በተመላሹ ነርቭም አልዞረም። ስለዚህ የነፍስን ማደሪያ ከአንገት ምስክርነት ለማውጣት የሚፈልግ ወገን፣ ልብን ቢመርጥም አንጎልን ቢመርጥም፣ አስቀድሞ ለዚህ ሁኔታ መልስ መስጠት ይኖርበታል፤ የአንጎል ወገን መልስ ለመስጠት ይቀለዋል፣ የጎርጎርዮስ ወገን ደግሞ ጥያቄው መጀመሪያውኑ ስለ ማደሪያ መሆኑን አይቀበልም።